መጀመሪያ መዝጋቱን ሥሩ፦ የቤት አትክልት ማጠጫ ፓምፕና ቫልቭ በራሱ ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ

በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ያለ አትክልት በራሱ ሰዓት ውሃ እንዲያገኝ ማድረግ ከሚመስለው ይቀላል። አንድ ፓምፕ፣ ሁለት ሦስት ቫልቭ፣ አንዲት ትንሽ ሰሌዳና ጥቂት ሜትር ጎማ ናቸው። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ውሃው ስንት ሰዓት ይከፈት በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ መዝጋቱን ሥሩ። መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ በርሜሉ ባዶ ሲሆን፣ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ደርቆ (መሥራት አቁሞ) ሲቀር፣ በሁሉም ውሃው መቆም አለበት። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ከእናንተ ወለል በታች የሌላ ሰው ጣሪያ አለ።

እንዲገባን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ፣ በጋ፣ ሦስት የውሃ መስመር። አንደኛው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ነው፤ 15 ማሰሮ፣ እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር የሚያንጠባጥብ ድሪፐር አለው። ሁለተኛው ቲማቲምና ቃሪያ፤ አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 8፣ ድሪፐሩ በሰዓት 4 ሊትር። ሦስተኛው ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ነው፤ እነዚህ ደረቅ ይወዳሉ፣ በየቀኑ ካጠጣችኋቸው ሥራቸው ይበሰብሳል። መስመር የሚከፋፈለው በቦታ ሳይሆን በጥማት ነው። ጎመኑና ጤና አዳሙ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እንኳ ጎማቸው ለየብቻ ይሁን።

ዕቃውን በአጭሩ ልበል። ባለ 12 ቮልት የዲያፍራም ፓምፕ (መኪና ማጠቢያ ላይ የሚገባው ዓይነት፣ በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ የሚገፋ)፣ ግማሽ ኢንች የሆኑ ባለ 12 ቮልት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ) ቫልቮች፣ አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ትንሿ ሰሌዳ)፣ ባለ አራት ሪሌይ (በሰሌዳው ትዕዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ) ቦርድ፣ ዲ.ኤስ 3231 የሚባለው የሰዓት ሞጁል፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ ከነቻርጀሩ፣ 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን፣ ተንሳፋፊ የውሃ መጠን ማብሪያ፣ እና የውሃ ማጣሪያ። ማጣሪያውን እንዳትዘሉት፤ ባለ 120 ሜሽ በቂ ነው። ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው፣ ያ ጭቃ ቀጥታ ሄዶ ድሪፐሩ አፍ ላይ ይቀመጣል።

220 ቮልት የሚሠራ የሮቶ ሞተር ያላችሁ ሰዎች በዚያው ላሠራው ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን በእነዚህ ትንንሽ ሰማያዊ ሪሌዮች አይደለም። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲሠራ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሪሌዩ ምላስ ይጣበቅና ሞተሩ አልጠፋም ይላል። ለዚያ ኮንታክተር (ለትልቅ ሞተር የሚሆን ጠንካራ ሪሌይ) እና የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። ውሃና 220 ቮልት አንድ በረንዳ ላይ ደግሞ እኔ አልመክርም። 12 ቮልት ይበቃናል።

አሁን ወደ ቫልቩ። እነዚህ ርካሽ የፕላስቲክ ቫልቮች ኤሌክትሪክ ከሌለ ዝግ ናቸው፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ግን ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ አቅጣጫ አላቸው፤ ጎናቸው ላይ ያለችውን ቀስት ተከተሉ፣ ከተገለበጡ በደንብ አይዘጉም። ሁለተኛ፣ ለመከፈት የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። ላያቸው ላይ 0.02 ሜጋፓስካል የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ይህ ወደ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት ነው። በርሜሉን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያለ ፓምፕ በቫልቭ ብቻ ለማጠጣት የሚሞክር ሰው ቫልቩ ‹ጠቅ› ሲል ይሰማል፣ ውሃው ግን ጠብታ ብቻ ነው ወይም ጭራሽ የለም። ቫልቩ አልተበላሸም፤ ሽፋኑን የሚያነሳ ግፊት አጥቶ ነው። ፓምፕ ካለ ይህ ችግር የለም።

ቫልቩ ሲበራ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ያ የተለመደ ነው። ግን ሰዓታት ሙሉ ክፍት እንዲቆይ አታድርጉት።

የዲያፍራም ፓምፕ የሚገፋው ውሃ መውጫ ካጣ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። አብዛኞቹ በራሳቸው ላይ የግፊት ማጥፊያ ስላላቸው ይቆማሉ፤ የሌላቸው ግን ጎማውን ከመጋጠሚያው ይነቅሉታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ቫልቭ 1 ይከፈት፤ 2 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ፓምፕ ይነሳ።
የመስመር 1 ጊዜ ሲያልቅ ቫልቭ 2 ይከፈት፤ 2 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ቫልቭ 1 ይዘጋ።
የመጨረሻው መስመር ሲያበቃ ፓምፕ ይጥፋ፤ 4 ሰከንድ ይጠበቅ፤ ቫልቩ ይዘጋ።

ከመስመር ወደ መስመር ሲዞር ፓምፑን ማጥፋት አያስፈልግም፤ አዲሱ ሳይከፈት አሮጌው እንዳይዘጋ ብቻ ተጠንቀቁ። መጨረሻ ላይ ያሉት 4 ሰከንዶች ግፊቱ በድሪፐሮቹ በኩል እንዲወጣ ነው። ፓምፑ እየገፋ ቫልቩን ብትዘጉበት ጎማው ‹ዷ› ብሎ ይዘላል፣ መጋጠሚያዎቹም እያደር ይላላሉ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያሰላውም። 15 ድሪፐር በሰዓት 2 ሊትር ሲባዛ 30 ሊትር ነው። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ ደግሞ በደቂቃ 4 ሊትር ይገፋል። የቀረው 3 ሊትር ተኩል የት ይሂድ? መሄጃ ከሌለው ፓምፑ በግፊት ማጥፊያው ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። ድምፁን የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ‹ጠክ ጠክ ጠክ› እያለ ያድራል፣ ማጥፊያውም በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከፓምፑ መውጫ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አስገቡ፣ አንዱን ክንድ ትንሽ የእጅ ቧንቧ አድርጉበትና ውሃው ወደ በርሜሉ እንዲመለስ አድርጉ። ከዚያ ፓምፑን አስነስታችሁ የመመለሻውን ቧንቧ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ፓምፑ መንተባተቡን ትቶ አንድ ወጥ ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ። እዚያ ላይ ተዉት። መመለሻው ከቫልቮቹ በፊት ስለሆነ ቫልቮቹ ሁሉ ቢዘጉ እንኳ ፓምፑ መተንፈሻ አለው።

ሽቦው ላይ ስንመጣ፣ ሪሌይ ሦስት መግቢያ አለው፤ መሐለኛው የጋራ፣ አንደኛው ሲጠፋ የሚገናኝ፣ ሌላው ሲበራ የሚገናኝ። ፓምፑንም ቫልቮቹንም በመሐለኛውና ሲበራ በሚገናኘው ላይ እሰሩ። ሰሌዳው ቢሞት፣ ሽቦ ቢላቀቅ፣ ሁሉም ጠፍቶ ይቀራል። በእያንዳንዱ ቫልቭና በፓምፑ ላይ ደግሞ 1ኤን 4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በግልባጭ እሰሩ፤ ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። የቫልቩ ጥቅል ሽቦ ሲጠፋ የሚረጨው ብልጭታ ነው ሰሌዳውን ያለ ምክንያት የሚያስጀምረው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ሩቅ ሳይሆን አጠገቡ፣ ፊውዝ ይግባ፤ 4 አምፔር ለሚስብ ፓምፕ 7.5 አምፔር ይሆናል።

ገበያ ላይ ያለው የሪሌይ ቦርድ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ሲላክለት የሚበራ ዓይነት ነው። ሰሌዳው ሲነሳ እግሩን (ሪሌዩን የሚያዝበትን ጫፍ) ‹መውጫ› ብላችሁ ካወጃችሁት ወዲያው ዜሮ ይሆናል፣ ፓምፑም ለቅጽበት ይነሳል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓምፑ አንዴ ጉርር ሲል ከሰማችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ ከዚያ ‹መውጫ› ይበለው። ይህ ቅደም ተከተል አንድ መስመር ማገለባበጥ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ሌላ ነገር ነው። ናኖ የራሱ ሰዓት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ኢንተርኔት ላይ መደገፍም አይሆንም፣ ዋይፋይ የሚጠፋው መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ዲ.ኤስ 3231 ሞጁሉ የራሱ ባትሪ ስላለው ይቆጥራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ ሞጁሎች ላይ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪት አለ፣ የሚሸጠው ሲ.አር 2032 ባትሪ ግን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት አይደለም። በ5 ቮልት ከሠራ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ከዳዮዷ አጠገብ 201 የሚል የተጻፈባትን ኢምንት ሬዚስተር በካውያ አንሱና ተገላገሉ።

ፕሮግራሙ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚሠራ በእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት 7 ነው፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት 17 ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ግን 18 ሳይሆን 6 መሆኑን እንዳትረሱ። ይቺ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ‹12› ብሎ ጽፎ አትክልቱን ቀትር ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚያጠጣ ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ጠዋት 12 ሰዓት ምርጥ ነው፤ ፀሐዩ አልወጣም፣ ነፋሱም የለም፣ ቅጠሉ ረጥቦ አያድርም።

አሁን ስንት ደቂቃ? ወረቀት ላይ ከሆነ፣ በሰዓት 2 ሊትር የሚሰጥ ድሪፐር ግማሽ ሊትር ለመስጠት 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ባለ 4 ሊትሩ በዚያው 15 ደቂቃ 1 ሊትር ይሰጣል፣ ለቲማቲሙ ጀሪካን ጥሩ መነሻ ነው። ወረቀቱን ግን አትመኑ። የሃይላንድ ላስቲክ ከወገቡ ቁረጡና ከመስመሩ መጀመሪያ፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ድሪፐር ሥር አስቀምጡ። ልክ 10 ደቂቃ አጠጡ። ባለ 2 ሊትሩ ወደ 330 ሚሊ ሊትር መስጠት አለበት። የመጀመሪያው 330 ሰጥቶ የመጨረሻው 200 ከሰጠ ግፊቱ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ደቂቃ መጨመር አያድንም፤ የፊተኛው ይሰምጣል፣ የኋለኛው አሁንም ይጠማል። ዋናውን ጎማ ወፈር አድርጉ ወይም ውሃውን ከጫፍ ሳይሆን ከመሐል አስገቡ። ከዚያ እንደገና ለኩ።

15ቱን ደቂቃ በአንድ ጊዜ አትስጡ። የደረቀ አፈር መጀመሪያ ውሃ አይቀበልም፤ በማሰሮው ግድግዳ በኩል ተንሸራቶ ከሥር ይወጣል፣ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። 5 ደቂቃ አጠጥቶ ማሳረፍ፣ ደግሞ 5፣ ደግሞ 5። እዚህ ላይ ሁለት መስመር መኖሩ ራሱ ይጠቅመናል፦ መስመር 1 ሲያርፍ መስመር 2 ይጠጣል፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ሦስት ዙር። በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ነው። ማሰሮዎቹ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ ግን ተጠንቀቁ፤ መስመሩ በተዘጋ ቁጥር ጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። 10 ሜትር ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጎማ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል፣ በሦስት ዙር ሲባዛ ቀላል አይደለም። ደረጃ ደረጃ ላይ ላለ አትክልት ታችኛውንና ላይኛውን የተለያየ መስመር ማድረግ ወይም የዙሩን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

ፕሮግራም ስትጽፉ ‹ዲሌይ› በሚባለው ትዕዛዝ 5 ደቂቃ አታስጠብቁ። በዚያ 5 ደቂቃ ውስጥ ሰሌዳው ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው፤ በርሜሉ ቢያልቅ አያይም፣ የማቆሚያ ቁልፍ ብትጫኑ አይሰማም። ‹ሚሊስ› የሚባለውን፣ ሰሌዳው ከተነሳ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ የሚቆጥረውን ተጠቀሙ፤ አሁን ካለው ቁጥር ላይ የጀመረበትን ቀንሱና ልዩነቱ ጊዜውን ሞልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መቀነሱ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። ይህ ቆጣሪ 50 ቀን ሊሞላው ሲል ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ደምሮ የሚያወዳድር ፕሮግራም ያኔ ይሳሳታል፣ ቀንሶ የሚያወዳድር አይሳሳትም።

ከዚህ በኋላ ማቆሚያዎቹ ይመጣሉ፤ የጽሑፉ ዋና ነገር እዚህ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ውሃ ዝቅ ሲል ፓምፑን ያስቆም። ሽቦው ቢቆረጥ ‹ውሃ የለም› ተብሎ እንዲነበብ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ማለትም ውሃ ሲኖር የሚገናኝ ይሁን። ውሃ ሲናጥ እንዳይወዛገብ 3 ሰከንድ ሳይቋረጥ ‹የለም› ካለ ብቻ እመኑት። ካቆመ ደግሞ በራሱ አይነሳ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ሰው ይጠብቅ።

ከዚያ የቀን ጣሪያ። ፓምፑ በአንድ ቀን በጠቅላላው ከ50 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው ይቆጠር፣ የጊዜ ሰሌዳው ምንም ይበል ምን። ሦስተኛው ዋችዶግ ነው፦ ፕሮግራሙ ለ8 ሰከንድ ከደረቀ ሰሌዳው ራሱን ያስነሳል፣ ሲነሳም ሁሉም ዝግ ነው። አሮጌ ቡትሎደር (ሰሌዳው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ያለባቸው ናኖዎች በዋችዶግ ዞረው ዞረው ማለቂያ የሌለው መነሳት ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ፕሮግራሙን ሆን ብላችሁ አድርቃችሁ ሞክሩት።

የመብራትን ነገር እንዲህ ፍቱት። ባትሪው ቻርጀሩ ላይ ሁልጊዜ በ13.6 እና 13.8 ቮልት መካከል ይቀመጥ። ፓምፑ 4 አምፔር ለግማሽ ሰዓት ሲስብ 2 አምፔር ሰዓት ነው፣ ቫልቩና ሰሌዳው ተጨምረው የቀኑ ፍጆታ ከ3 ትንሽ ቢያልፍ ነው። ባለ 7ቱ ባትሪ ሳይጎዳ አንድ ቀን ሙሉ ያለ መብራት ይወጣል። መሐል ላይ ኃይል ጭራሽ ከጠፋና ከተመለሰ ደግሞ ሰሌዳው ‹ዛሬ አጠጥቻለሁ?› የሚለውን በኢ.ኢ.ፕሮም (ኃይል ቢጠፋም በማይረሳው ማስታወሻው) ያስቀመጠውን ቀን አይቶ ይወስን። ካላጠጣና ገና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካላለፈ ያጠጣ፤ ካለፈ ለነገ ይተው። ያለፈውን ሁሉ ላካክስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያጠጣ ፕሮግራም አትጻፉ።

እነዚህ ሁሉ ቢከሽፉስ? ፓምፑን ከ1,000 ሊትር ሮቶ ጋር በቀጥታ አታገናኙት። መሐል ላይ በእጅ የምትሞሉት የ60 ሊትር በርሜል አድርጉ። የእኛ ሁለት መስመሮች በቀን 15 ሊትር ተኩል ነው የሚጠጡት፣ በርሜሉ ሦስት ቀን ከምናምን ያቆያችኋል። ሁሉም ነገር ተበላሽቶ ውሃ ቢፈስ እንኳ የሚፈሰው 60 ሊትር ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክስ ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚህ በርሜል ነው። በርሜሉ ከማሰሮዎቹ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ቫልቩ ካልዘጋ ፓምፑ ቢጠፋም ውሃው በራሱ እየተሳበ ይወርዳል፤ ስለዚህ በርሜሉ ከማሰሮዎቹ ዝቅ ይበል፣ ፓምፑም ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይግባ።

የአፈር እርጥበት ሴንሰር ልጨምር ወይ ለሚሉ፦ ጨምሩ፣ ግን ሥልጣኑን ገድቡት። ሁለት ጥርስ ያለው ብረቱ እርቃኑን የወጣ ዓይነት በጥቂት ሳምንት ይዝጋል፤ የተሸፈነውን ካፓሲቲቭ ግዙ። ሴንሰሩ ‹አፈሩ እርጥብ ነው፣ ዛሬ ይለፍ› የማለት መብት ይኑረው፤ ‹ጨምር› የማለት መብት ግን አይኑረው። ከአፈር ወጥቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር ሁልጊዜ ደረቅ ነው የሚለው። የውሃ ፍሰት ቆጣሪም እንዲሁ ነው፤ ዋይ.ኤፍ ኤስ 201 የሚባለው በደቂቃ ከ1 ሊትር በታች የሚሄድ ውሃን በደንብ አይቆጥርም፣ የእኛ መስመር ደግሞ ግማሽ ሊትር ነው። ከመመለሻው ቲ በፊት ካስገባችሁት ግን ‹ፓምፑ ውሃ አለው ወይስ የለውም› የሚለውን ይነግራችኋል፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

የጤና አዳሙን መስመር በሳምንት አንዴ፣ 10 ደቂቃ፣ ብቻውን አስጠጡት። ከሌሎቹ ጋር አታዙሩት።

ሲያልቅ ከመመካታችሁ በፊት ቤት እያላችሁ ይሥራ። እየሠራ ሳለ መብራቱን ንቀሉ፣ ባትሪውንም ንቀሉ፣ መልሱ። ተንሳፋፊውን በእጅ ወደ ታች ያዙት። አንዱን የቫልቭ ሽቦ አውጡና ፓምፑ በመመለሻው እየተነፈሰ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሳትፈሩ አበላሹት፤ እናንተ እያያችሁ ቢበላሽ ይሻላል።

ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እጠቡ፣ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን። ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ የእያንዳንዱን ጎማ ጫፍ ከፍታችሁ ፓምፑን ለአንድ ደቂቃ አስነሱ፣ ደለሉ ይውጣ። ባትሪውን ሞልታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና በየወሩ አንዴ ቻርጅ አድርጉት። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ሲያቆም ያው ጎማ፣ ያው ቫልቭ ነው፤ ሰዓቱን ከማብራታችሁ በፊት ግን የሃይላንዱን ልኬት በሦስቱም ቦታ እንደገና ውሰዱ።